የሃውኪላምፒው አሻጋሪ

የሃውኪላምፒ ማዘጋጃ ቤት አርማ አፉን የከፈተ ትልቅ ዓሣ ነው። የጎረቤት ወረዳ ሰዎች አርማውን ባዩ ቁጥር «በዚያ አገር አፉን የሚከፍተው ዓሣው ብቻ ነው» እያሉ ይሳለቃሉ። የሃውኪላምፒ ሰዎች ይህን ሲሰሙ አይቆጡም፣ አይስቁም፣ መልስም አይሰጡም። ቀልዱ እውነት መሆኑንም በዚሁ ያረጋግጣሉ።

ሄልካ የዚህ አገር ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው፤ በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ታይፒስት ናት። ማዘጋጃ ቤቱ ከሐይቁ ማዶ፣ ቤታቸው ደግሞ ወዲህ ነውና ጠዋትና ማታ ብስክሌቷን እየገፋች በብረት ገመድ የሚጎተተው መሻገሪያ ጀልባ ላይ ትወጣለች። ለመሻገር ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ጀልባውን የሚነዳው ኤስኮ የሚባል፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ወጣት ነው።

እነዚህ ሁለቱ ሦስት ዓመት ሙሉ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስምንት ስምንት ደቂቃ ብቻ ተዋደዱ። በመጀመሪያው ዓመት «እንዴት አደርሽ»፣ «ደህና» ተባባሉ። በሁለተኛው ስለ ነፋሱ አወሩ። ክረምት ሲመጣ ሐይቁ በረዶ ይሆንና ሕዝቡ ሁሉ በበረዶው ላይ በእግሩ ይሻገራል፤ ለሌላው ሰው መንገድ የሚከፍተው በረዶ የእነሱን መንገድ ብቻ ይዘጋባቸው ነበር። በሦስተኛው ዓመት በረዶው ቀልጦ ጀልባው ሥራ በጀመረበት ጠዋት፣ ኤስኮ የብስክሌቷን መሪ ሊይዝላት እጁን ሲዘረጋ ያገኘው እጇን ነበር። ማዶ እስኪደርሱም አልለቀቀውም። በዚያ አገር ይህ ከቃል ኪዳን አይተናነስም።

መከራው የሄልካ አባት ነበሩ። አቶ ታውኖ የአርባ ላሞች ጌታና የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ሊቀመንበር ናቸው፤ ሚስታቸው ማርታ እንኳ «ሊቀመንበር» ብላ ነው የምትጠራቸው። ኤስኮ ደግሞ እናትና አባቱን የማያውቅ፣ በማዘጋጃ ቤቱ የድሆች ማሳደጊያ ውስጥ በሕዝብ ዳቦ ያደገ ልጅ ነው። አባትየው ወሬውን ሲሰሙ «ማዘጋጃ ቤት ያሳደገውን ማዘጋጃ ቤት ይዳረው» ብለው ወደ ላሞቻቸው ሄዱ።

ሄልካ አልተከራከረችም። ማዕድ ላይ መናገር አቆመች። በዚያ ቤት አንድ ሰው ማኩረፉ እስኪታወቅ ድረስ ራሱ ስድስት ቀን ፈጀ። በአሥራ አንደኛው ቀን ማርታ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ታውኖ፣ ልጁ መጥቶ ይታይ» አለች። ሚስታቸው በስማቸው ስትጠራቸው ነገሩ የከበደ መሆኑ ገባቸው። «እሁድ ይምጣ» አሉ።

ሄልካ ይህን ጀልባው ላይ ነገረችው። የኤስኮ ጆሮ ቀላ፤ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ደብዳቤ መጣላት። በየቀኑ የሚያገኛትን ሴት በፖስታ ማነጋገሩ ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጉዳይ በሞተር ጩኸት መሃል አይነገርም። ደብዳቤው «ሄልካ፣ እሁድ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ። ኤስኮ» ይላል። አርባ ጊዜ አነበበችው።

እሁድ ማርታ ከሁሉም ቀድማ ተነሳች። በሃውኪላምፒ የእንግዳ ክብር የሚለካው ከቡናው ጋር በሚቀርበው የዳቦና የኩኪስ ዓይነት ብዛት ነው። ለጎረቤት ሦስት ዓይነት፣ ለቄሱ አምስት ይቀርባል። ማርታ ያን ቀን ሰባት ዓይነት ጋገረች። ሄል የገባበትን ጣፋጭ ዳቦ ከምድጃው ስታወጣ ሄልካ ቆጠረችና እናቷን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። ማርታ በመጨረሻ ከመንገድ የሚታየውን የፊት ለፊቱን ደረጃ ጠርጋ፣ ጫማዋ ስለቆሸሸ በማድ ቤቱ በር ዞራ ገባች።

አባትየው የምክር ቤት ስብሰባ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ሳሎን ተቀመጡ። ሄልካ ወደ መስኮቱ ልትሄድ ስትነሳ «እንግዳ የሚጠብቅ ሰው መስኮት ላይ አይንጠለጠልም» ብለው አስቀመጧት። ሦስቱም ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ሰዓቱ ሲቆጥር ያዳምጡ ጀመር። ውሻው አልጮኸም። ኤስኮን ያውቀዋልና መጮሁን ማንም አልጠበቀም።

ቡናው ፈላ፤ ቀዘቀዘ፤ ተደፋ። እንደገና ተፈላ። ሦስተኛው ሲቀዘቅዝ አባትየው ተነስተው ከረባታቸውን ፈቱ።

«ጀልባው እንኳ ሰዓት ያከብራል» አሉ።

ሄልካ ሰባቱን ሳህኖች አንድ በአንድ ወደ ማድ ቤት መለሰች። አባቷ ተቆጥተው ቢሆን ይሻላት ነበር። የገደላት ከረባታቸውን ሲፈቱ ያዘኑላት መምሰላቸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ጀልባው ላይ ኤስኮ ቀና ብሎ አላያትም። ገመዱን ዘይት ሲቀባ ቆየ፤ ገመዱ ግን ባለፈው ዓርብ ነበር የተቀባው። እሷም ጀርባዋን ሰጥታው ውሃውን አየች። ስምንቱ ደቂቃ ስምንት ሰዓት ሆነባት። ወኔ ከድቶታል፣ አባቴን ፈርቷል፣ ብላ አሰበች፤ ቀጥሎም ምናልባት እኔን ንቆኛል ብላ ከዚያ የባሰውን አሰበች።

ረቡዕ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። «ሄልካ፣ ገብቶኛል። ወደቡ ከተማ ትልቅ መርከብ ላይ ሥራ አግኝቻለሁ። የፊታችን እሁድ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ። አልተቀየምኩሽም። ኤስኮ።»

እሷን ያነደዳት የመጨረሻው ነገር ነው። አለመምጣቱ ሳያንስ ይቅርታ አድራጊው እሱ ሆኖ ቁጭ አለ። ደብዳቤውን ቀድዳ ጣለችው፤ ከዚያ ሰብስባ መልሳ አጣበቀችው። ሌላ አገር ቢሆን በማግስቱ ጀልባው ላይ ቆማ «ምንድን ነው የገባህ?» ብላ ትጠይቀዋለች፣ ነገሩም ማዶ ሳይደርሱ ያልቃል። የሃውኪላምፒ ሰው ግን ከሚጠይቅ ሐይቁን ዋኝቶ ቢሻገር ይመርጣል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሄልካ ዝምታ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መንቀዝ ጀመረ። ሥራ ላይ የጎርፍ መከላከያውን ሪፖርት ስትመታ የኤስኮን ስም ሁለት ቦታ ጨመረችበት። ማታ ማታ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች፤ ምክንያቱም ብትቆጣም ትወደው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፖስታ አመላላሿ እትዬ ሌምፒ መጡ። እትዬ ሌምፒ በሃውኪላምፒ የሚያወሩ ብቸኛዋ ሰው ናቸው፤ የሌላውን ሕዝብ ድርሻ ጨምረው ያወራሉ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ቄሱ አዲስ ጥርስ፣ ስለ ዝናቡ ካወሩ በኋላ ብስክሌታቸውን አዙረው ሊሄዱ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«እኔ የምልሽ፣ ያን ምስኪን ልጅ ለምን ትጫወቱበታላችሁ? ባለፈው እሁድ ያን ያህል ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አበባ ይዞ ደረጃችሁ ላይ ቆሞ ሳየው አንጀቴን በላው። እንደሚመጣ እያወቃችሁ ቤቱን ጥላችሁ ትሄዳላችሁ?»

ሄልካ ብስክሌታቸውን ያዘች። «ቤት ነበርን እኮ እትዬ ሌምፒ።»

«ምን ቤት ነበርን ትያለሽ። መጥረጊያው በሩ ላይ ተደግፎ በዓይኔ አይቻለሁ።»

በሃውኪላምፒ በር አይቆለፍም። ከቤት የሚወጣ ሰው መጥረጊያውን በሩ ላይ አስደግፎ ይሄዳል፤ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው። ያን ያየ ሰው ይመለሳል። መጥረጊያ የቆመበትን በር ማንኳኳት እጅን የሰው ኪስ ውስጥ እንደመክተት ነውር ነው። ይህን ከእናታቸው ወተት ጋር ነው የሚጠጡት።

ሄልካ ማድ ቤት ስትገባ እናቷ ሊጥ እያቦካች ነበር። ጠየቀቻት። ማርታ አሰብ አደረገች፤ ከዚያ ሊጥ በያዘው እጇ አፏን ያዘች። ደረጃውን ጠርጋ ስትጨርስ እጇ የሠላሳ ዓመት ልማዱን ሠርቷል። መጥረጊያውን ያስደገፈችው በሩ ላይ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ሁልጊዜ በማድ ቤት በኩል ስለሚወጡ ሰኞ ራሷ ልብ ሳትለው እስክታነሳው ድረስ ማንም አላየውም።

«ለሱ ብዬ እኮ ነው የጠረግኩት» አለች ማርታ፤ እንባዋ መጣ።

ሄልካ ግን ሳቀች። ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ሳምንት ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ተነሳላት፤ መጥቶ ነበር፤ ያውም አበባ ይዞ።

ብስክሌቷን አንስታ ወደ ጀልባው በረረች። ጀልባው ላይ ግን ኤስኮን የተኩት ሽማግሌ ብቻቸውን ፒፓቸውን ያጨሱ ነበር። ኤስኮ ትናንት ቁልፉን አስረክቦ የመርከብ ሥራውን ወረቀት ሊያስፈርም ወደ ጎረቤት ከተማ መሄዱን፣ ማታ ግን ለስንብት ከቅዳሜው ዳንስ እንደማይቀር ነገሯት። አውቶቡሱ የሚነሳው ነገ ጠዋት ነው። የቀራት ያ ዳንስ ብቻ ነበር።

በሰኔ የሃውኪላምፒ ፀሐይ ለመጥለቅ አትቸኩልም። የዳንሱ አዳራሽ ሐይቁ ዳር ያለ፣ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የሌለው ነው። በግራ ሴቶች፣ በቀኝ ወንዶች ይቆማሉ። ወንዱ መጥቶ ጎንበስ ይላል፣ ሁለት ዘፈን ይደንሳሉ፣ ከዚያ ሴቲቱን ወደነበረችበት መልሶ አመስግኗት ይሄዳል። እምቢ ማለት የለም። ከአንድ ሰው ጋር ሦስተኛ ዘፈን መደነስ ደግሞ ጋብቻን በቤተ ክርስቲያን ከማስነገር አይተናነስም።

ሄልካ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። አባቷና እናቷ መጠጥ መሸጫው አጠገብ ቆመዋል። ኤስኮ በወንዶቹ ጎን የመጨረሻውን ምሰሶ ተደግፎ ሐይቁን ያያል፤ ማንንም ሴት ለዳንስ አልጠየቀም። እሷን የከብት ሐኪሙ ወሰዳትና ሁለት ዘፈን ሙሉ ስለ ላም ጡት በሽታ አስረዳት። ከትከሻው በላይ ኤስኮን ስታይ፣ ኤስኮም ሲያያት ተያዩ። ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን ሰበሩ። ያቺ አንዲት አፍታ ግን ቂም እንዳልያዘባት ለማወቅ በቅታታለች፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ሐዘን ብቻ ነበር።

ከዚያ ምሰሶው ላይ ያለው ቀይ መብራት በራ። ሴቶች የሚመርጡበት ሰዓት ደረሰ ማለት ነው።

ሄልካ ቀድማ ተነሳች። ሌሎቹ ሴቶች ገና ቀሚሳቸውን ሲያስተካክሉ እሷ ባዶውን ወለል ብቻዋን አቋረጠችው። ሃያ እርምጃ ይሆናል። ሕዝቡ ሁሉ ያያት ነበር፤ ግን አልተመለሰችም። ኤስኮ ፊት ቆማ ጎንበስ አለች። ጆሮው ቀላ። እጁን ሰጣት።

አኮርዲዮኑ ታንጎ ጀመረ። በሃውኪላምፒ እየደነሱ አይወራም። ሄልካ ግን አወራች።

«ቤት ነበርን» አለችው።

ብዙ እርምጃ ሄዱ። «አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «የጭስ ማውጫውን ጭስ አይቻለሁ።»

«ጭሱ ያንተ ቡና ነበር።»

«ስሚኝ ሄልካ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ልጅ ሆኜ ከማሳደጊያው መልእክት ይዤ ስላክ፣ ከሩቅ ሲያዩኝ መጥረጊያ በር ላይ የሚያስደግፉ ሰዎች ነበሩ። ውስጥ ጭስ አለ፣ ውጭ መጥረጊያ አለ። ምን ማለት እንደሆነ ገና በሰባት ዓመቴ ነው የተማርኩት። እናንተ ቤት ግን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተደርጎብኝ አያውቅም። እናትሽ ሁልጊዜ አስገብታ ወተት ትሰጠኝ ነበር። ለዚህ ነው ያን ቀን እንደዚያ ያመመኝ።»

ሄልካ ሳምንቱን ሙሉ የተበደለችው እሷ ብቻ መስሏት ነበር። እሱ ግን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የተሸከመውን ነገር አሁንም ብቻውን ተሸክሞ ሊሄድ ነበር።

«መጥረጊያውን እናቴ ረስታ ነው ያቆመችው» አለች። «ላንተ ደረጃውን ስትጠርግ። ማንም አላየውም፤ ሦስታችንም ሳሎን ተቀምጠን ነበር። አባቴ ሱፍ ለብሶ። እናቴ ሰባት ዓይነት ጋግራ።»

ኤስኮ መሃል ወለል ላይ ቆመ። ከኋላቸው የነበሩ ጥንዶች መጥተው ገጯቸው።

«ስንት?»

«ሰባት።»

«ለቄሱ እኮ አምስት ነው።»

«አዎ።»

ያ ትከሻው የሰፋ ሰው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ሲመልሰው ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ለመደበቅም አልሞከረም። ለእሱ ተብሎ ማንም ሰው ምንም ነገር ቆጥሮ አብስሎለት አያውቅም። ዘፈኑ አልቆ ሁለተኛው ተጀመረ፤ እነሱ ልብ አላሉትም።

«ለምን አላንኳኳህም?» አለችው ቆይታ።

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

መጀመሪያ እሱ ሳቀ፣ ቀጥሎ እሷ። ሁለቱም የሃውኪላምፒ ልጆች ናቸው፤ ሌላ ምክንያት የለም።

«ነገ አትሂድ» አለችው። «እወድሃለሁ።»

በዚያ አገር ይህ ቃል ለፈረስ ካልሆነ በቀር ጮክ ተብሎ አይነገርም። እሷም ጮክ ማለቷ አልነበረም፤ ከአኮርዲዮኑ በላይ እንዲሰማት ብላ ነው። ክፋቱ አኮርዲዮኑ ልክ በዚያች ቅጽበት አቆመ። «እወድሃለሁ» የሚለው ቃል ከጣሪያው ሥር ዞሮ የሴቶቹም የወንዶቹም ጆሮ ገባ። የከብት ሐኪሙ ብርጭቆውን አፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። እትዬ ሌምፒ እንኳ ዝም አሉ።

ሁለት ዘፈን ተደንሷል። ሥርዓቱ አሁን ወደ ሴቶቹ ጎን መልሷት፣ አመስግኗት እንዲሄድ ነው። ኤስኮ እጇን አልለቀቀም። ወደ ሴቶቹም አልወሰዳትም። በቀጥታ ወደ መጠጥ መሸጫው፣ አባቷ ወደቆሙበት ሄደ።

«ሊቀመንበር» አለ ኤስኮ። «እሁድ ቤትዎ መጥቼ ነበር።»

«ማርታ ነግራኛለች።»

«ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ማንኳኳት ነበረብኝ። አሁን ሰው ሁሉ ባለበት ልጠይቅዎ መጥቻለሁ። ሄልካን ላግባት።»

አቶ ታውኖ ዝም አሉ። ዝምታውን የሚያውቁበት ሰው ናቸው፤ በምክር ቤት ስንት ነገር በዝምታ ቀብረዋል። ልጁን አዩት፤ ነጭ ሸሚዙን፣ የቀላ ጆሮውን፣ የልጃቸውን እጅ የያዘበትን አያያዝ። ልጃቸውንም አዩ። ሄልካ ዓይኗን አልሰበረችም። እምቢ ካሉ ነገ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ እሷም እንደምትሳፈር ወሰነች፤ አባቷም ይህን ፊቷ ላይ አነበቡት።

«ያ አንተን የተካው ሽማግሌ» አሉ በመጨረሻ፣ ሐይቁን እያዩ፣ «ዛሬ ወተቴን መሃል ውሃ ላይ አቁሞ ፒፓውን ሲያጨስ አስጎመዘዘብኝ። ሰኞ ጠዋት ማን ሊያሻግርልኝ ነው?»

ኤስኮ አልገባውም። ማርታ ግን መሃረቧን አውጥታ አፍንጫዋን ተናፈጠች፤ ሄልካም አባቷን ታውቃለችና እሺ ማለታቸው መሆኑ ገባት።

«እሺ በል እንጂ» አለችው በሹክሹክታ።

«እኔ» አለ ኤስኮ። «እኔ አሻግራለሁ።»

«እንግዲያው በሰዓቱ» አሉ አቶ ታውኖ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ማዘጋጃ ቤት ያሳደገውን ልጅ ጨብጠው ቶሎ አልለቀቁትም፤ ሕዝቡ እንዲያይ ፈልገው እንደሆነ ወይም መናገር ያቃታቸውን በእጃቸው ሊሉት እንደሆነ ሄልካ አልለየችም።

አኮርዲዮን ተጫዋቹ የሚያደርገው ጠፍቶት ወደ ሊቀመንበሩ አየ። ሊቀመንበሩ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ዘፈን ተጀመረ።

ወለሉ ላይ ሌላ ማንም አልገባም። ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ ቆመው ዝም ብለው አዩአቸው። ኤስኮ ጉንጩን ጠጉሯ ላይ አሳረፈና ከእሷ በቀር ማንም ሊሰማው በማይችል ድምፅ ያንኑ ቃል መለሰላት። ሄልካ ዓይኗን ጨፈነች። ዕድሜዋን ሁሉ ሰው እንዳያያት ተጠንቅቃ የኖረች ልጅ ናት፤ አገር ምድሩ እያያት እንዲህ ደስ ሊላት እንደሚችል እስከዚያች ማታ አታውቅም ነበር።